የጆሴፍ ባንክስ ጥንታዊ የምስል ኅትመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኅትመቱ የማን ምስል ነው? የሠራውስ ማን ነው?

ምስሉ የእንግሊዛዊው ዕፅዋት አሳሽ የጆሴፍ ባንክስ ነው። ዋናውን የዘይት ቀለም ሥዕል የሣለው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ተወልዶ በለንደን የኖረው ሠዓሊ ቤንጃሚን ዌስት ሲሆን፣ ሥራው የተከናወነው ባንክስ ዓለምን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1771 እና በ1772 ነበር። ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ለኅትመት ያበቃው ደግሞ ጆን ራፋኤል ስሚዝ ነው፤ ኅትመቱ በ1773 ሲወጣ ስሚዝ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ወጣት ነበር፤ ኋላ ግን በዚህ ሙያ በእንግሊዝ ስማቸው ከገነነ ሰዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ «ይህ የማን ሥራ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ስም መጥራት ግድ ይላል፤ አንዱ የሠዓሊው፣ ሌላው የቀራጩ ነው። ብዙ ሻጮች የመጀመሪያውን ብቻ ጠርተው ያልፋሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን በእጃችሁ የያዛችሁት ወረቀት ከዌስት ይልቅ የስሚዝ ነው።

ጆሴፍ ባንክስ ማን ነበር?

በ1743 በለንደን ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ ሰፊ ርስት ገና በወጣትነቱ በእጁ ገባ፤ ከዘመኑ ባለጸጎች ልጆች የሚለየውም ገንዘቡን በዕፅዋት ላይ ማፍሰሱ ነው። በ1766 ወደ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ተጉዞ ዕፅዋት ሰበሰበ። ከ1768 እስከ 1771 ደግሞ በካፒቴን ጄምስ ኩክ በሚመራው «ኢንደቨር» በተባለው መርከብ ላይ፣ የራሱን ጓዶችና መሣሪያዎች በራሱ ወጪ ይዞ ተሳፈረ። አብሮት የነበረው ሊቅ ዳንኤል ሶላንደር የታላቁ ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ የካርል ሊኔየስ ደቀ መዝሙር ነበር። ሁለቱ በብራዚል፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በታሂቲ፣ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሰበሰቧቸው የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ከ30,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 1,400 ያህሉ ዝርያዎች በአውሮፓ ሳይንስ ከዚያ በፊት አይታወቁም ነበር።

ከ1778 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1820 ድረስ የብሪታንያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በለንደን አጠገብ ያለውን የኪው የዕፅዋት ቦታ ወደ ዓለም አቀፍ ስብስብነት ያሸጋገረውና ዕፅዋት ሰብሳቢዎችን ወደ ሩቅ አገር መላክን ያስጀመረውም እርሱ ነው፤ የመጀመሪያው ፍራንሲስ ማሰን የተባለ አትክልተኛ ነበር፤ በ1772 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተላከ።

ምሁር ከሆነ፣ ለምን በመጻሕፍት መካከል ሳይሆን ካባ ተከናንቦ ቆሞ ተሣለ?

ኅትመቱን ከዘመኑ ሌሎች የምሁራን ምስሎች የሚለየው ይህ ነው። ባንክስ በሥዕሉ ላይ ሙሉ ቁመናው ይታያል፤ ከትከሻው እስከ እግሩ የወረደውን የማኦሪዎች፣ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ፣ ካባ በእጁ ገለጥ አድርጎ ይይዛል፤ ተመልካቹ ፊቱን ሳይሆን የጨርቁን ሽመና እንዲያይ የሚጋብዝ ይመስላል። የካባው ዳርቻ ልክ እንደ እኛ ቀሚስና ነጠላ ጥለት አለው። በዙሪያው ከፓስፊክ ደሴቶች የመጡ ዕቃዎች ቆመዋል፦ የማኦሪ ተዋጊ የሚይዘው ረጅም በትር፣ የታንኳ መቅዘፊያ፣ ረጅም የራስ ጌጥ። ከእግሩ ሥር ደግሞ የዕፅዋት ሥዕል ያለበት ትልቅ ጥራዝ ተገልጦ ተቀምጧል።

በተገለጠው ገጽ ላይ የሚታየው ተክል ማኦሪዎች «ሃራኬኬ» የሚሉት ነው። እንግሊዞች «የኒውዚላንድ ተልባ» ብለው ጠሩት፤ ከእኛ ተልባ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። ረጃጅምና ጠንካራ ቅጠል ያለው፣ ከቅጠሉም ጭረት የሚወጣለት ተክል ስለሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በአገልግሎቱ የሚቀርበው ከእንሰት የሚፋቀው ቃጫ ነው። ባንክስ የለበሰው ካባም ከዚሁ ከሃራኬኬ ጭረት የተሠራ ነው። ስለዚህ ተክሉ በሥዕሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንድ ጊዜ በመጽሐፍ ላይ የሳይንስ ምስል ሆኖ፣ ሌላ ጊዜ በሰው ገላ ላይ ልብስ ሆኖ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እንግሊዝ በዚያን ዘመን ለመርከቦቿ ሸራና ገመድ እጅግ ያስፈልጋት ስለነበር፣ ጠንካራ ጭረት የሚሰጥ ተክል ማግኘት ከባሕር ኃይል ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነበር። ምስሉን የጀብዱ ማስታወሻ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህ ያመልጠዋል፤ ባንክስ ካባውን ገልጦ የሚያሳየው የጨርቅ ናሙና እንደሚያሳይ ነጋዴ ጭምር ነው።

ሜዞቲንት የሚባለው የኅትመት ዘዴ ምንድን ነው?

ሜዞቲንት በ1642 አካባቢ በጀርመናዊው ሉድቪግ ፎን ዚገን የተጀመረ፣ በኋላ ግን በእንግሊዝ አገር እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ ፈረንሳዮች «የእንግሊዝ አሠራር» እስከማለት የደረሱበት ዘዴ ነው። ከሌላው የመዳብ ቅርጽ የሚለየው ሥራው ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሄድ መሆኑ ነው። በተለመደው ቅርጽ፣ ቀራጩ ለስላሳውን መዳብ በስል መሣሪያ እየጫረ መስመር ያወጣል፤ የጫረው ቦታ ቀለም ይይዛል፣ ያልጫረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በሜዞቲንት ግን መጀመሪያ መዳቡ በሙሉ ይሻከራል። ቀራጩ ጥቃቅን ጥርስ ያለውና አፉ የጎበጠ ስለት ይይዝና፣ ከወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ሰሌዳውን በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ ደጋግሞ ያስኬደዋል። ይህ ሥራ ቀናት የሚፈጅ፣ ክንድ የሚያዝልና አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለተለማማጅ ይተዋል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለው ሰሌዳ ቀለም ተቀብቶ ቢታተም የሚወጣው እንደ ከፋይ የጠቆረ ባዶ ገጽ ነው።

ቀራጩ ምስሉን የሚያወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብርሃን የሚፈልግበትን ቦታ በመፋቂያ ይፍቀዋል፤ እጅግ ነጭ የሚሆነውን ደግሞ በመወልወያ ያለሰልሰዋል። ጥቂት የተፋቀው ግራጫ፣ ብዙ የተፋቀው ነጭ፣ ያልተነካው ጥቁር ይሆናል። ሥራው ሁሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው፤ ከግርጌ ያሉት ፊደላት ሳይቀሩ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጠው ካልተቀረጹ በወረቀቱ ላይ ቀጥ ብለው አይነበቡም። የመጋረጃ እጥፋት፣ የጸጉር ልስላሴ፣ የካባ ክብደት በዚህ ዘዴ እንደሚወጣ በሌላ አይወጣም፤ ስሚዝ ለዚህ ሥዕል የመረጠውም ይመስለኛል ለዚሁ ነው፤ ሥዕሉ ከላይ እስከ ታች የጨርቅ ሥዕል ነውና።

የዘዴው ድካም በመዳቡ ላይ ነው። ጥቁሩን የሚይዙት ጥቃቅን እሾሆች በማተሚያው ጫና ቶሎ ይረግፋሉ፤ በመጀመሪያ የታተሙት ጥቂት ደርዘኖች ጥልቅና ሕያው ሲሆኑ፣ በኋላ የሚመጡት እየገረጡና እየደበዘዙ ይሄዳሉ። አንድ ዓይነት ኅትመት በሁለት ሰዎች እጅ እያለ የአንደኛው ከሌላኛው በብዙ የሚበልጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከምስሉ ግርጌ ያሉት ጥቃቅን ጽሑፎች ምን ይነግሩናል?

ብዙ ሰው ሳያነብባቸው ያልፋል፤ ለእኔ ግን ከፊቱ ይልቅ የሚናገሩት እነዚያ ናቸው። በእንግሊዝ ኅትመቶች ላይ ባለው ልማድ፣ በግራ በኩል የሠዓሊው ስም ይጻፍና «ፒንክሲት» የሚለው የላቲን ቃል ይከተለዋል፤ «ሣለው» ማለት ነው። በቀኝ በኩል የቀራጩ ስም ይሰፍራል፤ ከእርሱም ጋር «ስኩልፕሲት»፣ ማለትም «ቀረጸው»፣ ወይም «ፌኪት»፣ ማለትም «ሠራው» የሚል ይታያል። «ኤክስኩዲት» የሚል ካለ የሚያመለክተው አሳታሚውን ነው። ከዚያ በታች የወጣበት ቀንና የአሳታሚው አድራሻ ይሰፍራል። ይህ ቀን ለጌጥ አልተጻፈም፤ በ1735 በወጣው የብሪታንያ ሕግ መሠረት ቀራጮች ሥራቸው እንዳይገለበጥባቸው መብት የሚያገኙት ኅትመቱ የወጣበትን ቀንና የባለቤቱን ስም በሰሌዳው ላይ ካሰፈሩ ብቻ ነበር። ለዛሬ ሰብሳቢ ትልቅ ስጦታ ነው።

የባንክስ ማዕረግም ዕድሜን ለመለየት ይረዳል። በ1773 ገና ማዕረግ ያልነበረው ሰው ስለነበር በዚያ ዘመን በወጡ ኅትመቶች ላይ «ሚስተር» ወይም «ኢስኳየር» ተብሎ ይጠራል። «ሰር» የሚል ከተጻፈበት ግን ጽሑፉ የባሮኔትነትን ማዕረግ ካገኘበት ከ1781 በፊት ሊቀረጽ አይችልም። የሳይንስ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት መሆኑን የሚገልጽ ከሆነ ከ1778 ወዲህ ነው፤ የ«ባዝ» ኒሻን ባለመብትነቱ ከተጠቀሰ ደግሞ ከ1795 ወዲህ ነው። አንዳንድ ሰሌዳ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የድሮውን ጽሑፍ ፍቆ አዲስ ያስገባበታል፤ ስለዚህ አሮጌ ምስል ወጣት ጽሑፍ ይዞ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ ወይም ፊደላቱ በቀጭኑ የተጫሩበት ቅጂ ከተገኘስ? ይህ ጽሑፉ ከመጠናቀቁ በፊት ለሙከራ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳው ገና ትኩስ ሳለ የወጣ ስለሆነም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይወደዳል። ነገር ግን የታችኛው ክፍል በመቀስ ተቆርጦ ጽሑፉ የጠፋበትን ወረቀት «የሙከራ ኅትመት» ብለው የሚያቀርቡ አሉና፣ የሰሌዳው ጠርዝ ከታች በኩል መኖሩን ሳያረጋግጡ ማመን አይገባም።

በእጄ ያለው ቅጂ ጥንታዊ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ማጉያ መነጽር ያንሡ። በሜዞቲንት ጥቁሩ ክፍል ላይ የሚታየው እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ያልተስተካከለ፣ ጨርቅ መሰል ሸካራነት ነው። በምትኩ እንደ ወታደር የተሰለፉ ክብ ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በመጣው የፎቶግራፍ ማተሚያ ዘዴ የተባዛ ነውና ጥያቄው በዚሁ ያበቃል።

ቀጥሎ የሰሌዳውን አሻራ ይፈልጉ። የመዳብ ሰሌዳ በከባድ ማተሚያ ሥር ከረጠበ ወረቀት ጋር ሲጫን፣ ሰሌዳው ያረፈበት ክፍል ዝቅ ብሎ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ጠርዝ ይተዋል፤ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ቢዳስሱት ይሰማል። ሆኖም ይህን አሻራ በባዶ ሰሌዳ አስመስሎ መጫን ስለሚቻል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። በብርሃን ፊት ሲያዝ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀጫጭን መስመሮችና እነርሱን የሚያቋርጡ ሰፋ ብለው የተራራቁ መስመሮች ከታዩ፣ በሽቦ ወንፊት ላይ በእጅ የተሠራ ወረቀት ነው፤ በ1770ዎቹ ለኅትመት ሥዕል የተለመደው ይህ ነበር። መስመር የሌለው ለስላሳ ወረቀት በእንግሊዝ ከ1750ዎቹ ጀምሮ ቢታወቅም በሰፊው የተሠራበት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የሚገኝ የ1773 ምስል ከአሮጌው ሰሌዳ ዘግይቶ የታተመ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በወረቀቱ ውስጥ የፋብሪካው ምልክትና ዓመት ተጽፎ ከተገኘ ክርክሩ ያልቃል።

መጠኑንም ይለኩ። ይህ ኅትመት ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ገደማ የሚደርስ ትልቅ ሥራ ነው፤ የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ከሆነ ሌላ ቅጂ ነው።

ባለቀለሙ ይሻላል ወይስ ጥቁርና ነጩ?

ጥቁርና ነጩ። በእጅ የተቀባ ሜዞቲንት በዘመኑም ነበር፤ ነገር ግን በገበያ ላይ የሚታየው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዓመት በኋላ ለግድግዳ ጌጥ ተብሎ የተጨመረ ሲሆን፣ ቀራጩ በመፋቂያ የደከመበትን የብርሃንና የጥላ ልዩነት ይሸፍነዋል።

ህዳጉ እስከ ምስሉ ድረስ ተቆርጦ ከሆነ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

አይደለም፤ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰብሳቢዎች ራሳቸው ኅትመቶችን ቆርጠው በትልልቅ ጥራዝ ላይ ይለጥፉ ነበርና፣ ሰፊ ህዳግ ያለው ሜዞቲንት ማግኘት ዛሬ ብርቅ ነው። የሚያሳዝነው ጽሑፉ አብሮ የተቆረጠ እንደሆነ ነው።

የባንክስ ሌሎች የምስል ኅትመቶች አሉ?

ብዙ አሉ፤ አንዱን ከሌላው ማምታታት ደግሞ የተለመደ ስሕተት ነው። በ1774 የወጣው የዊልያም ዲኪንሰን ሜዞቲንት የተቀዳው ከጆሹዋ ሬይኖልድስ ሥዕል ነው፤ በዚህኛው ባንክስ ካባ የለውም፤ ሉልና ወረቀቶች ባሉበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ወደ ተመልካቹ ያዘነብላል። ከእጁ ሥር ባለው ወረቀት ላይ «ነገ በታላቁ ባሕር ላይ ዳግም እንጓዛለን» የሚል ትርጉም ያለው የሮማዊው ባለቅኔ የሆራስ ስንኝ በላቲን ተጽፏል። ነገሩ ግን የተሣካ አልነበረም፤ ባንክስ በ1772 ከኩክ ሁለተኛ ጉዞ ጋር በመርከቡ ዝግጅት ተጣልቶ ወጣና በምትኩ ወደ አይስላንድ ሄደ።

የስላቅ ኅትመቶችም አሉ። በ1772 የማቲው ዳርሊ ማተሚያ ቤት ባንክስን በመዋቢያ እንደተጠመደ ጎረምሳ አድርጎ፣ ቢራቢሮ ሲያሳድድ የሚያሳይ ሥዕል ለለንደን መንገደኛ አቀረበ። በ1795 ንጉሡ የ«ባዝ» ኒሻን በሸለሙት ጊዜ ደግሞ ጄምስ ጊልሬይ ከደቡብ ባሕር የመጣ አባጨጓሬ ወደ ቢራቢሮ ሲለወጥ አድርጎ ሣለው። እነዚህ ከከበሬታ ምስሎቹ በዋጋም በመጠንም ያነሱ ናቸው፤ ሰውየው በዘመኑ እንዴት እንደታየ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ከዌስት ሥዕል ጎን መቀመጥ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። በአንዱ የተከበረበት ጉዞ በሌላው መሳቂያ ሆኖበታልና።

ባንክስ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ የሚያገናኘውም ኮሶ ነው። ባንክስ ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጣትም። እርሱ በኢንደቨር ላይ ሳለ ግን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ገብቶ፣ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በአገራችን ቆየ። ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ዓመታት ውስጥ መሆናቸው ብቻ አይደለም የሚያመሳስላቸው፤ ብሩስም እንደ ባንክስ ሠዓሊ ይዞ ነበር፤ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለው ይህ ጣሊያናዊ የኢትዮጵያን ዕፅዋት በረቀቀ እጅ ሣለ፤ ወደ አገሩ ሳይመለስም ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ ማቅረቡ ዛሬ የታወቀ ነው።

ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶን ሲገልጽ፣ ለባንክስ ክብር ብሎ በስሙ «ባንኬሲያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ግን አልጸናም። የሊኔየስ ልጅ በ1782 ባንክስና ሶላንደር ከአውስትራሊያ ያመጧቸውን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች «ባንክሲያ» ብሎ ሰይሟቸው ስለነበር ስሙ ባለቤት ነበረው። በ1791 ጀርመናዊው ግመሊን ኮሶን «ሃጌኒያ» በሚል ስም አዛወረው፤ ይህ ስም የተወሰደው ከአንድ የኮኒግስበርግ ፋርማሲስት ነው። የዛሬው ሳይንሳዊ ስሙ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንትም ስሙን በሙሉ ሲጽፉ መጀመሪያ የገለጸውን የብሩስን ስም በቅንፍ ያኖራሉ።

የሚገርመው፣ ለዘመናት ይህንኑ ዛፍ አበባውን ወቅጠው ለትል መድኃኒትነት የጠጡት፣ ምሬቱን በተረትና በስድብ ያኖሩት ሰዎች በዚህ ሁሉ የስም ክርክር ውስጥ አልተጠየቁም። የአፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች እናታቸውን «ኮሶ ሻጭ» እያሉ ይሳደቡ እንደነበር የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ፣ ያው ኮሶ በለንደን ለአንድ ባሮኔት የክብር ስጦታ ተደርጎ መቅረቡን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በኅትመቱ ላይ የማይታዩት ተጓዦችስ?

ባንክስ በኢንደቨር ላይ የያዛቸው ሰዎች እርሱን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ፤ በሕይወት የተመለሱት አራት ናቸው። ቶማስ ሪችመንድና ጆርጅ ዶርልተን የተባሉት ሁለቱ ጥቁር አገልጋዮቹ በጥር 1769 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዕፅዋት ፍለጋ ተራራ ወጥተው ሳሉ በበረዶ ውርጭ ሞቱ። ሠዓሊው አሌግዛንደር ቡካን በታሂቲ ሞተ። ሌላው ሠዓሊ ሲድኒ ፓርኪንሰን በሺዎች አይደርሱም እንጂ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ንድፎችን ሠርቶ፣ መርከቡ ከባታቪያ፣ ከዛሬዋ ጃካርታ፣ ከተነሣ በኋላ በ1771 መጀመሪያ ላይ በተቅማጥ ሞቶ ወደ ባሕር ተጣለ።

ቱፓያ የተባለው የራያቴያ ደሴት ቄስና መርከብ መሪም አለ። ከታሂቲ ጀምሮ አብሯቸው የተሳፈረው ይህ ሰው ከማኦሪዎች ጋር በሚቀራረብ ቋንቋ መነጋገር ስለቻለ፣ በኒውዚላንድ የተደረገው ልውውጥ ሁሉ በእርሱ አንደበት ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። እርሱም በባታቪያ በ1770 ሞተ። ቱፓያ ሥዕል ይሞክር ነበር፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው በአንድ ሥዕሉ ላይ ማኦሪና እንግሊዛዊ ቆመው የባሕር ሸርጣን መሰል እንስሳ በጨርቅ ሲለዋወጡ ይታያሉ፤ እንግሊዛዊውም ባንክስ ነው። ባንክስ ራሱ በ1812 በጻፈው ደብዳቤ አጋጣሚውን ያነሣዋል። ስለዚህ ስለ ዌስት ሥዕል ስንናገር ሌላ የባንክስ ምስል እንዳለ መዘንጋት አይገባም፤ በዚያኛው ባንክስ ካባ የተከናነበ ጀግና ሳይሆን ሸቀጡን አጥብቆ የያዘ ገበያተኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ፣ እውነቱን የሚናገረው የትኛው እንደሆነ መምረጥ አያዳግተውም።

የፓርኪንሰን ድካም ግን ከንቱ አልቀረም። ባንክስ ወደ ለንደን እንደተመለሰ ቀራጮች ቀጥሮ ንድፎቹን በ743 የመዳብ ሰሌዳዎች ላይ አስቀረጻቸው፤ ሥራው እስከ 1784 ድረስ ቀጠለ። በሕይወቱ ሳለ ግን አላሳተማቸውም። ሰሌዳዎቹ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ በቀለም ታተሙ። አንዳንድ ሰው «የባንክስ ጥንታዊ የዕፅዋት ኅትመት» ብሎ የሚሸጠው ይህን ከሆነ ሰሌዳው ጥንታዊ ነው፣ ወረቀቱና ቀለሙ ግን የእኛ ዘመን ነው።

ኅትመቱን በቤቴ እንዴት ላስቀምጠው?

የሜዞቲንት ቀለም በወረቀቱ ላይ እንደ ትቢያ ቀሎ የተቀመጠ ስለሆነ ማሻሸት አይችልም፤ በጣት መዳሰስ፣ በላጲስ መጥረግ፣ በጨርቅ መወልወል የተከለከለ ነው። የተጨማደደውን ለማቅናት በካውያ መተኮስ የሚያስቡ አሉ፤ እባካችሁ አትሞክሩት። ተለጣፊ ፕላስተርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡናማ እድፍ ትቶ ያልፋል። ባለሙያ ኅትመትን በክፈፍ ውስጥ ሲያስገባ ከላይ በኩል ብቻ፣ በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ያንጠለጥለዋል፤ ይህ ሙጫ በውኃ ስለሚለቅ ነገ መመለስ ይቻላል። ከኋላና ከዙሪያው የሚሆነው ካርቶን አሲድ የሌለበት መሆን አለበት፤ መስታወቱም ምስሉን መንካት የለበትም።

ከሁሉ የከፋ ጠላቱ ብርሃን ነው። ቤተ መዘክሮች ለእንዲህ ያለ ሥራ ከ50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ) የማይበልጥ ብርሃን ይፈቅዳሉ፤ ይህም የደብዛዛ ሳሎን ብርሃን ያህል ነው። በቤት ውስጥ ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ መስቀልና በየጊዜው አውርዶ ማሳረፍ በቂ ነው። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ግን አይመከርም፤ የከሰል ጭስና ቅባት ወረቀቱን ያጠቁረዋል። በእርጥበት ምክንያት የወጡ ቡናማ ነጠብጣቦች ካሉበት ራስዎ ለማጽዳት አይሞክሩ፤ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።

ዋናውን ሥዕልና ኅትመቱን የት ማየት ይቻላል?

የዌስት የዘይት ቀለም ሥዕል የባንክስ ርስት በነበረበት አካባቢ፣ በእንግሊዟ የሊንከን ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛል። የስሚዝ ሜዞቲንት በብሪታንያ ሙዚየም፣ በለንደኑ ብሔራዊ የምስል ቤተ መዘክር፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በዌሊንግተን በሚገኘው ቴ ፓፓ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ። ኅትመቶች ለብርሃን ስስ በመሆናቸው በግድግዳ ላይ ተሰቅለው አይቆዩም፤ የብሪታንያ ሙዚየም ግን ቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ከሣጥን አውጥቶ በጥናት ክፍሉ ያሳያል። የሬይኖልድስ ሥዕል ከ1986 ጀምሮ በለንደኑ ብሔራዊ የምስል ቤተ መዘክር ነው። ባንክስና ሶላንደር ያደረቋቸው ዕፅዋት ደግሞ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም መካከል በኅትመቱ ግርጌ ጥራዙ የተገለጠበት ሃራኬኬ ይገኝበታል።